«አልታዘዝ አለኝ»፦ ገባር፣ ተገብሮና ሮቦት

ስትሮክ የመታው ሰው ስለ ደከመው እጁ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ይመልሳል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ረጅም የሕመም ስም ሊጽፍ ይችላል፤ ታካሚው ግን የደረሰበትን በአንድ ግስ ጨርሶ ተናግሮታል። ይህ ግስ ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። በግዕዝ «አዘዘ» ላይ «ተ» ሲደረብ «ተአዘዘ» ይሆናል፤ አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አዋህዶ «ታዘዘ» አለው። ከቅርጹ ብቻ ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው ትርጉሙ «ትእዛዝ ተሰጠው» ነው ይላል፤ «መድኃኒት ታዘዘለት» ስንልም እውነቱ ይኸው ነው። «ልጁ ለእናቱ ታዘዘ» ስንል ግን ልጁ የተባለውን ሰምቶ፣ በራሱ ጉልበት ተነሥቶ ፈጸመ ማለታችን ነው። የተደረገበትም ያደረገውም በአንድ ግስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

የ«ተ» ሁለትነት በ«ታዘዘ» አያበቃም። «ታጠበ» ራሱን ላጠበውም ሌላ ሰው ላጠበውም ይሆናል፤ «ተላጨ»፣ «ታከመ»፣ «ተነሣ» እያልን ብንቀጥል ማለቂያ የለውም። ሰዋስው አስተማሪዎች ይህን እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት በእንቅስቃሴ ሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ሲጠየቅ የቆየ አንድ ከባድ ጥያቄ በትክክል እዚህች «ተ» ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ራሱ ምንም ሳይጥር ሮቦት ይዞ የሚያመላልሰው እጅ፣ እንቅስቃሴውን ይማራል ወይ? ጥያቄው የተሸከማቸውን ቃላት ታሪክ እየተከተልን ብንሄድ፣ ቃላቱ ራሳቸው ስለ ጉዳዩ ብዙ ያውቃሉ። (ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሮቦት እንጀምር። ቃሉ ወደ አማርኛ እንዳለ ገባ እንጂ የተወለደው በቼክ ቋንቋ ነው፤ የተወለደውም በፋብሪካ ሳይሆን በተውኔት ውስጥ ነው። ካሬል ቻፔክ «አር ዩ አር» የተባለውን ተውኔት በ1920 አሳተመ፤ በጥር 1921 ደግሞ በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ታየ። ቻፔክ በ1933 በጋዜጣ እንደጻፈው፣ በተውኔቱ ውስጥ ለሰው ሁሉ እንዲሠሩ የሚመረቱትን ሰው ሠራሽ ፍጡራን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ቸግሮት ነበር። ሥራ ከሚለው የላቲን ቃል ተነሥቶ «ላቦሪ» ሊላቸው አሰበና ቃሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ መሰለው። ሠዓሊ ወንድሙን ዮሴፍ ቻፔክን አማከረው። ዮሴፍ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ፣ ከሸራው ሳይነሣ፣ «እንግዲያው ሮቦት በላቸው» አለው። ቃሉን ለዓለም የሰጠው ይህ ሠዓሊ በ1945 በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ፣ በበርገን ቤልዘን ሞተ።

ዮሴፍ ከባዶ አልፈጠረውም። «ሮቦታ» በቼኮች አገር ጭሰኛው ለባላባቱ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነበር። በሳምንት ውስጥ የተወሰኑ ቀኖች የራሱን እርሻ ትቶ፣ በራሱ ከብት የጌታውን መሬት ያርስ ነበር። ይህ ግዴታ በሐብስበርግ ግዛት የተሻረው በ1848 ነው፤ ስለዚህ ቻፔክ ተውኔቱን ሲጽፍ ቃሉ በአያቶች ትዝታ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ በስላቭ ቋንቋዎች ባሪያን የሚያመለክት «ራብ» የሚል ሥር ይገኛል፤ ሥራን የሚያመለክተው የጀርመንኛው «አርባይት» የዚሁ ዘመድ ነው። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት ሁለቱን ወላጅ አልባነትን ከሚገልጽ ጥንታዊ ሥር ጋር ያያይዟቸዋል፤ ያ ሥር በግሪክኛ «ኦርፋኖስ» የተባለውን ወላጅ አልባ ልጅ የሰጠ ነው። ቤተሰብ የሌለው ልጅ በሌላ ሰው ደጅ ይወድቃል፤ በሰው ደጅ የወደቀ ይሠራል።

እኛ ዘንድ ይህን ቃል በትክክል የሚተካ ቃል አለን፤ «ገባር»። ከ«ገባር» ጀርባ ያለው የግዕዙ «ገብረ» ነው፤ ትርጉሙ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። በግዕዝ «ገብር» አገልጋይም ባሪያም ነው፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን የሚሉ ስሞች እስከ ዛሬ ይዘውት ኖረዋል። ከዚሁ ሥር የወጣው ቤተሰብ ያስደንቃል፦ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብርና፣ ገበሬ፣ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር፣ በቤተ መንግሥት ይበላ የነበረው ግብር። ሥራው፣ ሠሪው፣ የሥራው ፍሬና የፍሬው ወሳጅ ሁሉ በሦስት ፊደል ተጠቅልለዋል። የስላቩ ሥርና የእኛ ሥር ዝምድና የላቸውም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሥራ ተነሥተው በሌላ ሰው ፈቃድ በሚሠራ ሰው ላይ አርፈዋል። ጭሰኝነትን በሕግ ያስቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያንን ዘመን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ «ሮቦታ» ምን ማለት እንደ ነበር ሊነግሩት አያስፈልግም።

ሰዋስው ጸሐፊዎቻችን ያደረጉት ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። የግስን ሁለት መልኮች ለመሰየም ከዚሁ ከ«ገብረ» ሁለት ቃል አወጡ። አድራጊው ባለቤት ሲሆን «ገቢር»፣ ተደራጊው ባለቤት ሲሆን «ተገብሮ»። በግዕዝ ንባባቸው ገቢር «ማድረግ»፣ ተገብሮ «መደረግ» ነው። አውሮፓውያን ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት «ፓሲቭ» የመጣው መሰቃየትን፣ የመጣበትን መቀበልን ከሚገልጽ የላቲን ግስ ነው፤ ታካሚን የሚጠሩበት «ፔሸንት» የዚያው ወንድም ነው፤ እኛ ሕማማት የምንለውን የክርስቶስን መከራ የሚጠሩበት ቃልም እንዲሁ። ለእነሱ ተደራጊነት ከሥቃይ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በግዕዝ ግን ተደራጊነት ከሥራ ሥር አልተለየም። በተገብሮ ውስጥ ሥራው አለ፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። በቤተ ሙከራ ለሚሆነው ነገር የእኛው ስም የተሻለ ይገጥማል ብዬ አምናለሁ፤ ሮቦቱ እጁን ሲያመላልሰው ሥራ እየተሠራ ነውና፣ የሚጠየቀው ሠሪው ማነው የሚለው ነው።

«ሞተር» ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በላቲን አንቀሳቃሽ ማለት ነው፤ የውጭ ተመራማሪዎች ጡንቻን የሚያዝዘውን የነርቭ ሥርዓትም የመኪናውን ሞተርም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በአማርኛ ሞተር ብረት ብቻ ስለሆነ የመስኩን ስም «የእንቅስቃሴ ትምህርት» ብንለው ይሻላል።

እንቅስቃሴ የሚለው ቃል ግን የራሱ ጣጣ አለው። «እጁን አንቀሳቀሰ» ስንል ባለቤቱ ግልጽ ነው። «እጁ ተንቀሳቀሰ» ስንል ግን እጁ በራሱ ትእዛዝ ተነሣ ወይስ ሌላ ሰው ይዞ አነሣው? ቋንቋው አይለይም። ከውጭ ለሚያይ ዓይንም እንዲሁ አይለይም፤ እጁ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ደርሷል። አንጎል ግን አጥብቆ ይለያል። ኤሪክ ፎን ሆልስት እና ሆርስት ሚተልሽቴት የተባሉ ጀርመናውያን በ1950 እንዳስረዱት፣ አንጎል ለጡንቻ ትእዛዝ ሲልክ የትእዛዙን ቅጂ ለራሱ ያስቀራል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት ነው፦ ዋናው ደብዳቤ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ግልባጩ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ከእጅ የሚመለሰው ስሜት ከግልባጩ ጋር ይመሳከራል። ሮቦት ያንቀሳቀሰው እጅ ስሜት ይልካል፤ የሚመሳከርበት ግልባጭ ግን የለም፤ ደብዳቤው መቼም አልተጻፈማ።

በ1963 ሪቻርድ ሄልድ እና አለን ሃይን ያሳተሙት ሙከራ ይህን በድመት ግልገሎች አሳይቷል። በጨለማ ያደጉ ግልገሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ከአንድ ዘንግ ጋር አያያዟቸው። አንዷ በእግሯ እየተራመደች ዘንጉን ታዞራለች፤ ሌላዋ በትንሽ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ በአንደኛዋ እርምጃ ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ዓይነት ነው። በኋላ ሲፈተኑ ተራማጇ እግሯን በዓይኗ እየመራች በትክክል ማሳረፍና ገደል መሳይ ሥፍራን መሸሽ ቻለች፤ የቅርጫቷ ግን አልቻለችም። ወደ ብርሃን ወጥታ በነፃ እንድትንቀሳቀስ ስትለቀቅ በሁለት ቀን ገደማ አገገመች። በሰው ላይ ደግሞ ማርቲን ሎትሰ እና ባልደረቦቹ በ2003 የእጅ አንጓ እንቅስቃሴን አነጻጽረው ነበር። ለሠላሳ ደቂቃ ራሳቸው የተለማመዱት ሰዎች፣ ማሽን ለዚያው ያህል ጊዜ አንጓቸውን ካመላለሰላቸው ይልቅ ተሻሽለዋል፤ በእንቅስቃሴ አዛዡ የአንጎል ክፍል የታየው ለውጥም በእነሱ ላይ የበለጠ ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ተገብሮ ተሸንፏል፤ ነገሩ ግን ገና ነው።

«ለመደ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። በግዕዝም በአማርኛም ሰውነትን የሚመለከት ቃል ነው፦ ልማድ፣ ልምድ፣ ልምምድ፣ ለማዳ። በዕብራይስጥ ይኸው «ላማድ» ቀለም መማር ሆነ፤ ታልሙድ የተባለው መጽሐፍና «ታልሚድ» የተባለው ተማሪ የወጡት ከዚህ ነው። እስራኤል የገባ አማርኛ ተናጋሪ በኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ማስተማሪያ) ክፍል «ሊልሞድ» ሲሉት መማር መሆኑን ይነግሩታል፤ እሱ ግን መልመድን ይሰማበታል። የጥንት ባቢሎናውያንም ለማወቅና ለመማር «ላማዱ» ይሉ ነበር። ከዕብራይስጡ ቤተሰብ ግን እኔ የምወደው አንድ ሌላ ቃል ነው፤ «ማልማድ»፣ ማለትም የበሬ መውጊያ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ሰሜጋር ስድስት መቶ ሰው የገደለበት መሣሪያ ይህ ነው። ቃል በቃል «ማስለመጃ» እንደ ማለት ነው። ከውጭ በሚመጣ ግፊት እንስሳን የሚያለምድ ዘንግ የመማር ሁሉ ስም ከሚቀዳበት ሥር ወጣ። እኛ ደግሞ ወይፈን ስናለማምድ ከለመደ በሬ ጋር እንጠምደዋለን፤ ቀንበሩ አንገቱን ወደ ትልሙ ይጎትተዋል፤ መሳቡ ግን የራሱ ነው። ከውጭ መመራት በ«ለመደ» ውስጥ ከመነሻው አለ።

ቤተ ሙከራውም ይህን አገኘ። በካናዳ ኦንታሪዮ የጀረሚ ዎንግ እና የፖል ግሪብል ቡድን በ2012 ያወጣው ጥናት ሰዎች ከዚህ ቀደም ያልሠሩትን ጠመዝማዛ የእጅ መንገድ፣ ፍጥነቱን ጭምር ጠብቀው እንዲደግሙ ጠየቀ። ልምምዱ ሦስት ቀን፣ በቀን 90 ሙከራ ነበር። በሙከራዎቹ መካከል ለአንዱ ቡድን መንገዱ በዓይን ብቻ ይታየው ነበር፤ ለሌላው ደግሞ በዓይን እያየ ሮቦቱ እጁን በዚያው መንገድ ይወስደው ነበር። እጃቸው የተወሰደላቸው የበለጠ ተሻሻሉ። ይበልጥ ልብ የሚያሰኘው ሦስተኛው ቡድን ነው፦ ሮቦቱ ሲወስዳቸው ራሳቸውም እጃቸውን እያንቀሳቀሱ የተመሩት ሰዎች በመንገዱ ትክክለኛነት ያንን ያህል ጥቅም አላገኙም። በሞንትሪያል የዴቪድ ኦስትሪ ቤተ ሙከራም ቀጥሎ በ2013 እንዳሳየው፣ ሮቦት እጃቸውን ሲወስድ ወዴት እንዳዘነበለ እንዲፈርዱ የሠለጠኑ ሰዎች በኋላ አዲስ እንቅስቃሴ ሲማሩ ፈጥነው ተማሩ። ስለዚህ ዝም ብሎ መወሰድ ከንቱ አይደለም። የሚያስተምረው ግን ጡንቻን ከማዘዝ በፊት ስሜትን ነው።

ቻርልስ ሸሪንግተን ይህን ስሜት በ1906 «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» ብሎ ሰየመው፤ ከሁለት የላቲን ቃላት ሲያጣምረው የራስን መቀበል ማለቱ ነበር። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እጁ የት እንዳለ የሚያውቅበት ስሜት ነው። አማርኛ ለዚህ የረጋ ስያሜ የለውም፤ ለመሥራት የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ግን ሞልቶለታል። «የገዛ እጄ» እንላለን፤ የ«ገዛ» ሥር ጌትነትን የሚናገረው የግዕዙ «ገዝአ» ነው፤ «እግዚእ» የወጣበት። «ተሰማኝ» እንላለን፤ «ሰማ» ላይ «ተ» ተደርባ መስማት ወደ ሰውነት ገብቷል። የገዛ አካልን መሰማት ብንለው ሸሪንግተን ከሁለት ላቲን ቃላት የጠበቀውን ያህል ይዞልናል። በዚህ ስም የዎንግ ሙከራም ይበራል፦ እጁ በሚወሰድበት ሰዓት ሥራው መስማት ነው፤ እየገፋ የሚሰማ ሰው ሁለት ድምፅ ይደባለቅበታል።

መስማቱ ሲረዝም ግን ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ለዚህም አማርኛ ስም አለው፤ «ልግም»። ለገመ የሚባለው መሥራት እየቻለ፣ የሚሠራለት ሲያገኝ፣ ጉልበቱን የሚሸሽግ ነው። አላን ሳልሞኒ፣ ሪቻርድ ሽሚት እና ቻርልስ ዋልተር በ1984 ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ፣ ተማሪን በየጊዜው የሚያርመው ምሪት በልምምድ ወቅት አፈጻጸሙን ቢያሳምረውም፣ ምሪቱ ሲነሣ ሊያዳክመው እንደሚችል ገለጹ። የካሊፎርኒያው ዴቪድ ራይንከንስማየር እና ባልደረቦቹ ደግሞ በሮቦት ላይ አዩት፦ ማሽኑ ስሕተቱን ሲያስተካክልለት ሰውነት ጥረቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ልማድ ሳይሆን ልግም ያድርበታል። ሰውነት ይህን የሚያደርገው ከስንፍና አይደለም፤ ጉልበት መቆጠብ ከመሠረታዊ ሥራው አንዱ ነውና። የተመራማሪዎቹ መልስ «በሚያስፈልገው ልክ ማገዝ» የሚባል ዘዴ ሆነ፤ ሮቦቱ እጁ እስኪጀምር ይጠብቃል፣ ሲያቅተው ብቻ ይይዛል፣ እየቻለ ሲሄድ ራሱን ያላላል።

የዚህ ዘዴ ቀዳሚ ማሽን ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣው «ማኑስ» ነው፤ ኔቪል ሆጋን እና ኤርማኖ ኢጎ ክሬብስ ሠርተውት ከ1994 ጀምሮ በኒው ዮርክ ዋይት ፕሌይንስ በበርክ ማገገሚያ ሆስፒታል በታካሚዎች ላይ ተሞከረ። ማኑስ በላቲን እጅ ነው፤ የኢንስቲትዩቱ መሪ ቃልም «አእምሮና እጅ» ነው። ማሽኑ የሚመሰገንበት ነገር ልስላሴው ነው፤ ታካሚው ሲገፋው ይሸሻል፣ ሲቆምበት ይመራዋል። ሰፊ ፈተናዎች ግን ተስፋውን ልክ አስያዙት። በ2010 የወጣውና 127 የስትሮክ ታካሚዎችን ያካተተው የአሜሪካ ጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች ጥናት፣ በ12ኛው ሳምንት ላይ በሮቦት የታከሙት የተለመደውን ሕክምና ካገኙት በግልጽ የተሻሉ ሆነው አላገኛቸውም፤ በ36 ሳምንት መጠነኛ ብልጫ ታየ፤ የባለሙያ እጅ ለዚያው ያህል ተግቶ ከሠራላቸው ጋር ግን ልዩነት አልነበራቸውም። በ2019 በብሪታንያ በ770 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናትም በሮቦት ሥልጠና የክንድ አገልግሎት ከተለመደው ሕክምና በላይ መሻሻሉን አላገኘም። ማሽኑ ድካም ስለማያውቅ እጅ ብዙ ጊዜ እንዲደግም ያስችላል፤ ከዚያ በላይ ተአምር የለውም።

«ተማረ» የሚለው ግስ ራሱ ከዚህ ወገን ነው። በግዕዝ «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «ተምህረ» ተማረ። ከቅርጹ ተማሪ ማለት የተስተማረ ነው፤ መምህሩ ገቢር፣ ተማሪው ተገብሮ። ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ተማረ» ሲል ዝም ብሎ የተሞላ ዕቃ አይታየውም። (በሐመሩ ሐ የሚጻፈው «መሐረ»፣ ይቅር አለ፣ ሌላ ሥር ነው፤ አማርኛ ድምፆቹን ስላዋሃዳቸው ይምታታሉ።) «ሠለጠነ» ደግሞ ከሁሉ ይደፍራል፤ በግዕዝ ሥልጣን ያዘ፣ ገዛ ማለት ነው። ሠልጣኝ በሚሠለጥንበት ነገር ላይ ጌታ ይሆናል። «አልታዘዝ አለኝ» ያለው ሰው የሚፈልገው ይህን ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በየቀኑ ሥራቸው ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ ይለያሉ፦ ባለሙያው ወይም ማሽኑ ብቻ የሚሠራው፣ ታካሚው ጀምሮ የሚታገዝበት፣ ታካሚው ብቻውን የሚሠራው። በአማርኛ ለታካሚው ሲነገር ግን ሦስቱም «እጅዎን እናንቀሳቅሳለን» ወይም «እጅዎ ይንቀሳቀሳል» በሚል አንድ አነጋገር ሊድበሰበሱ ይችላሉ፤ ታካሚውም ልጣር ወይስ ልተው ብሎ ሳይጠይቅ ይቀራል። እላይ ያየናቸው ሙከራዎች እንደሚሉት ግን መጣሩና አለመጣሩ በሚማረው ላይ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ለማሽን መመሪያም ሆነ ለሕክምና ክፍል የሚጻፈው አማርኛ ባለቤቱን መጥቀስ አለበት እላለሁ። አንደኛው «አሁን እኛ እናንቀሳቅስልዎታለን፤ እርስዎ አይግፉ፣ ዓይንዎን ጨፍነው እጅዎ የት እንደደረሰ ብቻ ልብ ይበሉ» ይሁን። ሁለተኛው «እርስዎ ይጀምሩ፤ ሲያቅትዎት እናግዝዎታለን»። ሦስተኛው «አሁን በራስዎ ያንሡት፤ ቢስትም ግድ የለም»።